ማዳበሪያውን በግማሽ የቀነስኩት እኔ ነኝ

ይድረስ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን ለምመኝልዎ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? እንደምን ከረሙ? የቀኝ ዓይንዎ ፋሻ ተፈታ ወይ? የግራውስ ተራ መቼ ነው? ጉልበትዎ የወንድሜን ቤት አራት ፎቅ ደረጃ ለመደው ወይስ አሁንም እየተራገሙት ነው የሚወጡት? እማዬ በስልክ «ሦስተኛው ፎቅ ላይ ወንበር አስቀምጠንላቸዋል፤ እዚያ ቁጭ ብለው ወጪ ወራጁን ሲመረምሩ ይውላሉ» ብላ አስቃኛለች። እንቅልፍዎስ ይወስድዎታል? ምግብ ይበላልዎታል? እኔ ደኅና ነኝ። ናፍቆታችሁና ንዴቴ እየተፈራረቁብኝ ካልሆነ በቀር አንድም የጎደለብኝ ነገር የለም።

ዓይንዎ እስኪድን ደብዳቤውን የምታነብልዎት ምራትዎ መሆኗን አውቃለሁ። ስለዚህ አንዴ ለእሷ ልናገር። እህቴ፣ አደራሽን፣ አንዲት ቃል እንዳትዘልይብኝ። አባዬ ሲቆጡ ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ፤ «ይብቃሽ» ቢሉሽም ውኃ ጎንጨት ብለሽ ቀጥዪ። ለስለስ እንዲልላቸው ብለሽም ከራስሽ ማር አትጨምሪበት። እንዳለ ይድረሳቸው።

አባዬ፣ የላኩልኝን የድምፅ መልእክት ሰምቼዋለሁ። ሦስት ጊዜ ነው የሰማሁት፤ የውኃው በርሜል አጠገብ እንደቆምኩ፣ ባልዲው ሞልቶ እግሬ ላይ እየፈሰሰ። «ችግኙን በቆሻሻ ቀብረሽ ስሜን አጠፋሽው። የማታውቂውን ነገር አትነካኪ። ከነገ ጀምሮ የግቢውን ቁልፍ ለአጎትሽ አስረክቢና ችግኙን እሱ ይያዘው» ብለዋል። ይኸው ዛሬ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ መልስ ያልሰጠሁዎት ስለፈራሁ አይደለም። በአፌ ከምከራከር በችግኝ መደቡ ላይ ያለው ነገር ይለይለት ብዬ ነው። አሁን ለይቶለታል። ቁልፉን አላስረከብኩም፤ አላስረክብምም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ፤ አጎቴ የነገረዎት ከጫፉ ብቻ ነው።

እርስዎ የሄዱ ሰሞን ሁሉን እንዳሳዩኝ ነበር የምሠራው። አሥራ ሁለቱንም መደብ እንደ ልማዳችን አዘጋጀሁ። በየመደቡ ክዳኗ በጠፋው የወተት ጣሳ አንድ ሙሉ ጣሳ ማዳበሪያ፣ ችግኙ አራት ቅጠል ሲያወጣ ደግሞ ዩሪያውን ከላይ፤ አንድም ነገር አላጎደልኩም። ችግኙም አማረ፤ መንገደኛ በአጥሩ አሾልቆ እያየ «እሰይ!» የሚልለት ዓይነት። ውኃ ሳጠጣው ግን አፈሩ አልጠጣም ይለኛል። ጠረጴዛ ላይ እንደተደፋ ሁሉ በመደቡ ጠርዝ ኩልል ብሎ ይወርዳል። ሲደርቅ ደግሞ ላዩ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። አንድ ቀን በጥፍሬ ፋቅ አድርጌ ብቀምሰው ጨው ጨው አለኝ። ጣቴን ልስደድበት ብል አልገባም፤ መደቡ እንደ ጡብ ደርቋል። ያኔ ዝም አልኩ። እርስዎ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩበትን መደብ እኔ በስድስተኛ ሳምንቴ ታሟል ብዬ ማን ሊሰማኝ?

ያናገረኝ ሌላ ሰው ነው። ባለ ቀይ ሹራቧን ደንበኛችንን መቼም አይረሷቸውም፤ በሙቀትም በብርድም ያቺን ሹራብ የማያወልቁት፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የቲማቲም ችግኝ ከእኛ ሌላ ቤት ወስደው የማያውቁት ሴትዮ። አንድ ሰኞ ጠዋት በፌስታል የተቋጠረ ነገር ይዘው መጡና እርስዎ ደረሰኝ የሚጽፉበት ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉት። ከእኛ የወሰዱት ችግኝ ነው፤ ጠውልጎ፣ እንደ ተቀቀለ ቅጠል እርስ በርሱ ተጣብቆ። «ልጄ» አሉኝ፣ «ከናንተ ቤት ሲወጣ ሙሽራ ይመስላል፤ እኔ ማሳ ሲደርስ ይተኛል። አባትሽን ስለምወዳቸው ነው የምነግርሽ። ሌሎቹ ሳይነግሩሽ ነው የቀሩት።» እውነታቸውን ነበር። ሳስበው ለካ ሦስት የቆዩ ደንበኞቻችን በዚያ ወቅት ብቅ አላሉም። እኔ ዝናቡ ዘግይቶባቸው ይሆናል እያልኩ ራሴን ሳታልል ነበር።

ከየመደቡ አንዳንድ ነቅሎ ሥሩን ሳያዩ ችግኝ መሸጥ ሌብነት ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሴትዮዋ እንደሄዱ አሥራ ሁለቱንም መደብ ዞርኩ። ከላይ ጎረምሳ፣ ከታች ሕፃን! ግንዱ ረዘም፣ ቅጠሉ ሰፋ ብሎ ሥሩ ግን ሁለት ሦስት ክር ብቻ ነው። ነቀል ሳደርገው አፈሩ ሁሉ ዝርግፍ ይልና ባዶውን እጄ ላይ ይቀራል። ታዲያ ይህ ነገር ሰው ማሳ ገብቶ ነፋስ ሲመታው ምኑን ይዞ ይቆማል? ያን ቀን አንድም ችግኝ አልሸጥኩም። በሩን ዘግቼ ዋልኩ።

በማግስቱ ከኋላችን ያሉትን ባለ ዶሮውን ጎረቤት ላማክራቸው ሄድኩ። ያውቋቸዋል፤ ሳይንስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ዶሮ ማርባት የጀመሩት። ሠራተኞቻችን በሹክሹክታ «ጋሼ ኩስ» ሲሏቸው ሰምተው ከመቆጣት ይልቅ ወደዱት መሰለኝ፣ አሁን ስልክ ሲያነሱ ራሳቸው «ጋሼ ኩስ ነኝ፣ ማን ልበል?» ይላሉ። ያንን የደረቀ አፈር በወረቀት ቋጥሬ አሳየኋቸው። በመዳፋቸው ፈርፈር አድርገው አሸተቱትና «ይኼ አፈር ሆዱ አልቋል» አሉኝ። «ማዳበሪያ ምግብ ነው፤ ክፉ አይደለም። ሆድ የሌለው ግን የሰጠሽውን የት ያስቀምጠዋል? ግማሹን ውኃ ይወስደዋል፣ ግማሹ ላዩ ላይ ጨው ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ ሆድ ስጪው። ብስባሽ አብዪለት፤ ከዚያ በኋላ የምትጨምሪው ማዳበሪያ ትንሽ ሆኖ ይበቃዋል።»

አባዬ፣ ያን ጊዜ ደውዬ ልጠይቅዎት ይገባኝ ነበር። አልጠየቅሁም። መልስዎን ስለማውቀው ነው ያልጠየቅሁት። ይህን እንደ ጥፋት ከቆጠሩብኝ እቀበላለሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ጥፋት ነው ብዬ አልቀበልም።

ከዕቃ ቤቱ ጀርባ፣ እነዚያን አሮጌ በሮች ከደረደሩበት ግድግዳ ሥር ሁለት ጉድጓድ አስቆፈርኩ። በሮቹን አልሸጥኳቸውም፣ አይደንግጡ፤ ወደ ጥግ ተገፍተው አሉ። ከጋሼ ኩስ የዶሮ ኩስ በጆንያ፣ ከአትክልት ሻጮቹ የሚጣል የጎመን ቅጠል፣ ከመንገድ ዳር የተጠረገ የዛፍ ቅጠል፣ ከከሰል ነጋዴው ደግሞ ማንም የማይገዛውን የከሰል ድቃቂ አመጣሁ። ድቃቂው አፈሩ የሚበላውንም የሚጠጣውንም ይዞ ያቆያል ብለውኝ ነው ጋሼ ኩስ። ከሰል ነጋዴው ለምንሽ ነው ብሎኝ ለችግኝ ስለው፣ የችግኝ ቤቷ ልጅ አትክልት በከሰል ልታበስል ነው እያለ ለመጣ ለሄደው ሲያወራ ሳምንት ከረመ። አጎቴም ወሬውን የሰማው ከእሱ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን የማልኮራበትን ልንገርዎ። ይህን አጎቴም አያውቀውም፤ ከእኔ አፍ ነው የሚሰሙት። ጋሼ ኩስ ሦስት ወር ጠብቂ ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን ወቅቱ አለፈብኝ ብዬ ቸኮልኩና በአምስተኛው ሳምንት አውጥቼ ሁለት የቃሪያ መደብ ላይ ቀላቀልኩት። ችግኙ በቀለ፤ ሁለት ቅጠል አወጣ፤ ከዚያ ዳር ዳሩ እሳት እንደላሰው ይቃጠል ጀመር። በስምንት ቀን ውስጥ ሁለቱም መደብ ተበላሸ። አጎቴ አጥር ተሻግሮ ምን ሆነ ሲለኝ «በሽታ ገባበት» ብዬ ዋሸሁት። ዕቃ ቤት ገብቼ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። በጆሮዬ የሚመጣው የእርስዎ ድምፅ ነበር፤ ገና ሳይናገሩ ሲቆጡኝ ይሰማኛል። እንዲያውም ተነስቼ ጉድጓዱን ልደፍነው አካፋ አንስቼ ነበር።

ጋሼ ኩስ ግን አላባበሉኝም። «አልበሰለም» አሉኝ፤ «ጥሬውን አብልተሽው ታመመብኝ ብለሽ ታለቅሻለሽ?» እጄን ይዘው ክምሩ ውስጥ እስከ ክርኔ ከተቱት። ያቃጥላል! «ይህ ሙቀት እስኪለቀው፣ ሽታውም የዶሮ ቤት መሆኑ ቀርቶ የአፈር እስኪሆን እንዳትነኪው። የበሰለ ቢመስልሽም አትመኚው፤ በቆርቆሮ ውስጥ ትንሽ ቀላቅለሽ የጎመን ዘር ዝሪበት። ዘሩ ካልፈራው አንቺም አትፍሪው።» ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ከሥር ወደ ላይ እያገላበጥኩ፣ ሲደርቅ ውኃ እያርከፈከፍኩ ሦስት ወር ሙሉ ጠበቅሁ። እጄ ውኃ ቋጠረ፤ ፈነዳ፤ ጠነከረ። አንድ ጠዋት ቆርቆሮዬን ባየው የጎመኑ ዘር አንዱም ሳይቀር ጭንቅላቱን ብቅ ብቅ አድርጓል። ውኃ አጠጪዋ ሠራተኛችን ጩኸቴን ሰምታ እባብ ነክሷት ነው ብላ አካፋ ይዛ ነው የመጣችው።

ያን ጊዜም ቢሆን አሥራ ሁለቱንም መደብ ዘልዬ አልቀየርኩም። ሦስቱን ለየሁ፤ ሦስቱም ቲማቲም፣ አንድ ዓይነት ዘር፣ በአንድ ቀን የተዘራ። አራተኛው መደብ የእርስዎ ነው፤ በጣሳዎ ሙሉ ማዳበሪያ። አምስተኛው ላይ ለሦስት እጅ አፈር አንድ እጅ ብስባሽ ቀላቅዬ ማዳበሪያውን ወደ ግማሽ ጣሳ አወረድኩት። ስድስተኛው ላይ ብስባሽ ብቻ፤ የማዳበሪያ ዘር የሚባል አልነካውም።

እዚህ ላይ ልብ ብለው ይስሙኝ። ስድስተኛው አልሆነም። ገረጣ፣ ቀጨጨ፤ በአምስተኛው ሳምንት ከሌሎቹ በግማሽ ያንሳል። እኔ ይህን አልሸሸግሁም፤ እንጨት ተክዬ «ያለ ማዳበሪያ» ብዬ ጽፌበታለሁ። አጎቴ በዚያ ሳምንት መጥቶ ፎቶ ያነሳውና የላከልዎት ይህን ስድስተኛውን ነው። አምስተኛው መደብ እኮ ከእግሩ ሥር ነበር። ስልኩን አንድ ክንድ ወደ ግራ ቢያዞረው ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ወንድሜ ፎቶውን ዓይንዎ ላይ አስጠግቶ ሲያሳይዎት በዚያ በአንድ ዓይንዎ ምን እንዳዩ አላውቅም፤ የልጅዎን ቃል ሳይጠይቁ ግን ፈረዱ። ያስከፋኝም እሱ ነው።

የድምፅ መልእክትዎ በመጣ በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ደንበኞች ተሰልፈው ችግኝ እየቆጠርኩ ሳለ አጎቴ ሁለት የቀን ሠራተኞችና አንድ ጋሪ አስከትሎ ገባ። ሰላምታ እንኳን የለም። «ወንድሜ አዟል፤ ይህ ቆሻሻ ዛሬ ይጠረጋል» አለ። ማንን አስፈቅደህ ነው ብዬ ስጠይቀው ስልኩን አወጣና የእርስዎን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ ከፈተው። ለካ ለእሱም ልከውለት ኖሯል። አባዬ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ በገዛ ግቢዬ፣ «የማታውቂውን ነገር አትነካኪ» ሲሉኝ ደንበኞቹ ሰሙ። ሠራተኞቼ መሬት መሬት ያያሉ። ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። እርስዎ ልጅ ሆኜ እንኳ ሰው ፊት ተቆጥተውኝ አያውቁም ነበር፤ ሁልጊዜ ወደ ዕቃ ቤት ጠርተው ነው።

እኔ እንዲህ ደርቄ ስቀር ሰዎቹ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ዝቀው በጋሪ አውጥተው መንገድ ዳር ደፉት። ሦስት ወር ያገላበጥኩት ነው! ወደ ሁለተኛው ሲዞሩ ነው የነቃሁት። ሄጄ የጉድጓዱ ክዳን ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩበት። «አጎቴ፣ ይህን ለማንሳት ከፈለግህ እኔንም ከነተቀመጥኩበት ጭነህ ውሰደኝ» አልኩት። የቀን ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያዩና አካፋቸውን ተደግፈው ቆሙ። አጎቴ «አባትሽን መናቅሽ ነው?» አለኝ። «አልናቅኳቸውም» አልኩት፤ «አባቴ ያስተማሩኝ ሥር ማየት ነው። አንተ ቅጠል አይተህ ነው የሮጥከው። ና፣ አብረን እንንቀል።»

ባለ ቀይ ሹራቧ ሰልፉ ውስጥ ነበሩ። ማንም ሳይጋብዛቸው ቅርጫታቸውን አስቀምጠው መጡና ራሳቸው ከአራተኛው አንድ፣ ከአምስተኛው አንድ ነቀሉ። የአራተኛው እንደለመደው አፈሩን አራግፎ ራቁቱን ወጣ። የአምስተኛው ጭብጥ የሚሞላ አፈር አቅፎ ነው የወጣው፤ ሥሩ ጥቅጥቅ ብሎ እንደ ጭድ ተጠላልፏል፤ ግንዱ እርሳስ ያክላል። ሰዉ ከበበን። አጎቴ «ቁመቱ ግን አጭር ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ አንድ ጣት ያህል ያጥራል። ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አዩትና «አንተ ቁመት ነው እንዴ የምትተክለው?» አሉት። ግቢው በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ አካፋዎቹ ከግቢው እስኪወጡ ከክዳኑ ላይ አልወረድኩም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ከዚህ ግማሽ፣ ከዚያም ግማሽ ስጪኝ። አንዱን ረድፍ ከዚህኛው፣ ቀጣዩን ከዚያኛው እያደረግሁ እተክለዋለሁ። ማየት የፈለገ በአሥረኛው ቀን ማሳዬ ድረስ ይምጣ፤ ያላየ ደግሞ አፉን ይዝጋ» አሉ። አጎቴ ሰዎቹን ሰብስቦ ወጣ። ከሰዓት በኋላ መንገድ ዳር የደፋብኝን ብስባሽ ላነሳ ጋሪ ይዤ ብወጣ፣ የሰፈሩ ሰው በባልዲና በሳህን ተሻምቶ ጠርጎ ወስዶታል። ሠራተኛዋ «እሰይ፣ ተፈላጊ ሆነ ማለት ነው» ብላ ደስ አላት። እኔ እንኳን ደስ ሊለኝ አንጀቴ ነው ያረረው።

በአሥረኛው ቀን ከጋሼ ኩስ ጋር ማሳው ድረስ ሄድን። አጎቴን ጠርቼው ነበር፤ ጥርሴን አሞኛል ብሎ ቀረ። በዚያ ሳምንት ያ ደረቁ ነፋስ አምስት ቀን ሙሉ ሲነፍስ ነበር። በየረድፉ አርባ አርባ ችግኝ አለ። አንድ በአንድ ቆጠርን። ከእርስዎ መደብ በተወሰደው በመጀመሪያው ረድፍ አሥራ ሦስቱ ተኝተዋል፤ ቀጥሎ ባለው በእኔው ረድፍ ሦስት። ሌሎቹም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ውኃ መውረጃው አጠገብ ያሉት ሁለት ረድፎች ላይ ግን ልዩነት አላየንም፤ እርጥበት ካገኘ የእርስዎም ይቆማል። ይህንንም የምጽፍልዎ የሚጎዳኝን ሸሽጌ የሚጠቅመኝን ብቻ እንዳልነገርኩዎት እንዲያውቁ ነው።

ባለ ቀይ ሹራቧ የዚያኑ ዕለት ለሚመጣው ወቅት ከአምስተኛው ዓይነት አዘዙ። ከቀሩት ሦስት ደንበኞች ሁለቱ ተመልሰዋል፤ ሦስተኛው ሌላ ቤት ለምዷል፣ አልፈርድበትም። አጎቴ ደግሞ ባለፈው ረቡዕ ለጓሮው የጎመን ችግኝ ሊወስድ መጣ። የትኛውን ልስጥህ ስለው አፉን ሳይከፍት በአገጩ ወደ ብስባሹ መደብ ጠቆመኝ። ጠቅልዬ ሰጠሁት። ይህን እሱ እንደማይነግርዎት ስለማውቅ እኔው ነገርኩዎት።

አባዬ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የለፉት ስህተት ነበር እያልኩዎት አይደለም። እርስዎ ሲጀምሩ አፈሩ ጥቁርና ወፍራም ነበር፤ ማዳበሪያ ሲያገኝ ይመልስ ነበር፤ ለአፉ ያህል ጣል ያደረጉለትን ሁሉ ችግኝ አድርጎ ያወጣ ነበር። እኛን ያሳደገን እሱ ነው። ግን ያ አፈር አሁን የለም። ስናወጣ፣ ስናወጣ፣ ምንም ሳንመልስለት ኖርን። ማዳበሪያ ጠላቴ አይደለም፤ ስድስተኛው መደብ ያለ እሱ እንደማይሆን አስተምሮኛል። አፈሩ ሆድ እስኪያወጣ ግን በግማሹ እሠራለሁ። የሚመጣው ዓመት ወደ ሲሶ አወርደዋለሁ። ካልሆነልኝ አልሆነም ብዬ ራሴ እጽፍልዎታለሁ፤ አጎቴን ፎቶ በማንሳት ማድከም አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን ከእርስዎ እፈልጋለሁ፤ ልመናም አይደለም። ለአጎቴ ራስዎ ደውለው ችግኝ ቤቱን የያዝኩት እኔ መሆኔን ይንገሩት። በየሳምንቱ ጠባቂ ያለብኝ ሆኜ መሥራት አልችልም። «የለም፣ ግቢው የእኔ ነው፣ እንደ ፈቃዴ ይሠራል» ካሉ መብትዎ ነው፤ አልጋፋዎትም። ጋሼ ኩስ ከዶሮ ቤታቸው ጀርባ ያለውን ባዶ መሬት አሳይተውኛል፤ የተረከብኩትን ዕቃ አንድ በአንድ መልሼ እዚያ እጀምራለሁ። ሌላ ቤት ውስጥ መደብ ስሠራ ማየት ደስ እንደማይልዎት አውቃለሁ። እኔንም ደስ አይለኝም። ግን እያየሁት የሚሞት ችግኝ ለሰው መሸጥ ከዚያ የባሰ ነው፤ እሱን ደግሞ በእርስዎም ቃል ቢሆን አላደርገውም።

ቆጣ እንዳሉ ይገባኛል። ቁጣዎ ሲበርድ ግን ልጄ ዋሸችኝ እንዳይሉ ሁሉንም፣ የተቃጠለብኝንም፣ የዋሸሁትንም፣ ያልሆነልኝንም ጽፌያለሁ። እርስዎን ከማንም በላይ እወድዎታለሁ። ይህ ነገር ስለ መውደድ አይደለም፤ ስለ ሥር ነው።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ እንደምትስቅ አውቃለሁ፤ ደብቂው ይበሏት። ወንድሜን እንደምን አለህ ይበሉልኝ፤ ሲደውል ስለ አየሩ ብቻ ማውራቱን ትቶ አንድ ቀን እንኳን «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ይበለኝ። ምራትዎን፣ እስከዚህ ድረስ ድምፅዋን ሳታለሳልስ ካነበበች፣ ውለታዋን እንደማልረሳው ይንገሯት። ትልቋ የወንድሜ ልጅ በፈተናዋ አንደኛ መውጣቷን ሰምቼ ኮርቻለሁ፤ ትንሿ ደግሞ የወለቀ ጥርሷን በደብዳቤ እንዳትልክልኝ፣ በወሬ ይበቃኛል። ሐኪምዎንም ዓይንዎን ደኅና አድርጎ ስላየልኝ ያመስግኑልኝ፤ ቶሎ ይጨርስ፣ የማሳይዎት ነገር አለኝ።

ነገ ጠዋት ሦስት መደብ ቃሪያ እዘራለሁ፤ ግማሽ ማዳበሪያ፣ የበሰለ ብስባሽ። ፈቃድ እየጠየቅሁዎት አይደለም፤ እያሳወቅሁዎት ነው።

ልጅዎ

ከመደቦቹ አጠገብ ካለችው ዕቃ ቤት፣
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቅምት ፳፩ ቀን